ለሲግናል ስታክ 8192 ብላችሁ አትጻፉ

ይህን የምጽፈው ተማሪዎች ደጋግመው ስለጠየቁኝ ነው። «ለሲግናል ስታክ 8192 ባይት ይበቃል» የሚለው ትምህርት አርጅቷል።

ሲግናል ሲደርስ ከርነሉ የፕሮሰሰሩን ሬጅስተሮች ስታኩ ላይ ያስቀምጣል። በኤክስ86 የዚህ ስታክ ዝቅተኛ መጠን 2048 ባይት ተብሎ ነበር። የኤቪኤክስ-512 ሬጅስተሮች ያንን ያልፋሉ፤ ፕሮግራሙ የኤኤምኤክስ ሬጅስተሮችን ከተጠቀመ ደግሞ ሌላ 8192 ባይት ይጨመራል። ቦታው ካነሰ፣ በቆዩ ከርነሎች ላይ አጠገቡ ያለው ዳታ ድምፅ ሳያሰማ ይበላሻል። እንዲህ ያለውን ስህተት ማደን ቀናት ይበላል፤ ደርሶብኝ አውቀዋለሁ።

መጠኑን ሲስተሙን ጠይቁት። በኤክስ86 ሊኑክስ ከ5.14 (2021 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዝቅተኛውን ይነግራል፤ የሲ ላይብረሪው ጂሊብሲም ከ2.34 ጀምሮ በሲስኮንፍ ፈንክሽን ይሰጣችኋል። የራሳችሁ ፈንክሽን የሚፈልገውን በላዩ ጨምሩ።

ያልገባችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ ኮዳችሁንም አያለሁ።