ያውቁ ኖሯል? ኢንተርኔት የምትዘጋ ባትሪ

ኔትወርኩ እየሠራ ኮምፒውተርዎ ድረ ገጾችን አልከፍትም ቢልዎት፣ ምክንያቱ ሳንቲም የምታህል ባትሪ መድከሟ ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል?

በአብዛኞቹ ዴስክቶፖች ማዘርቦርድ ላይ የምትገኘው ይህች ባትሪ ሲአር 2032 ትባላለች፤ ስፋቷ 20፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ ጉልበቷም 3 ቮልት ነው። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። ስታልቅ የኮምፒውተሩ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፍኬት ግን የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ ብራውዘሩ «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ይመልስዎታል።

ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢሞሉም ያው ነው፤ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ቀርተዋል።

ባትሪዋ ይበልጥ የምትደክመው ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ ሲቆይ ነው። ዝናቡ በሚረዝምባቸው በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ደግሞ መብረቅ ሲያጉረመርም መንቀል ግድ ነው (ይህን ልማድ እንዳይተዉት!)።

ባትሪዋን ሲለውጡ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፤ የመደመር ምልክት ያለበት ፊቷ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ይሆናል።