ጳጉሜን የረሳው ፕሮግራም

«እማማ፣ ‹ጳጉሜን› ስንት ፊደል ነው?»

የጠየቀችኝ የልጄ ልጅ ናት። ትምህርት ተዘግቶ ድብ ባሕር እኔ ዘንድ ለክረምት መጥታለች። ከደባርቅ ብርድ ወጥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ለወረደ ሰው የእኛ ቆላ ይሞቃል። እሷ ግን ሙቀቱም አልታወቃት፤ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጠዋት ጀምሮ አንገቷን አላቀናችም።

«አራት ነዋ፤ ጳ፣ ጉ፣ ሜ፣ ን» አልኳት።

«ይኼ ፕሮግራም ድሮ ቢጠየቅ ኖሮ አሥራ ሁለት ይልዎት ነበር» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጳጉሜንን በትክክል መቁጠር ያቃተው ፕሮግራም ከዚህ በፊት አጋጥሞኝ ያውቃልና።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ልጅቷ የምትማረው ስኪም የሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. ውስጥ ጄራልድ ሰስማንና ጋይ ስቲል የፈጠሩት ሲሆን፣ ጆን ማካርቲ በ1958 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሊስፕ ቤተሰብ ነው። ሕጎቹ ጥቂት ስለሆኑ ኤም.አይ.ቲ. ለብዙ ዓመታት ጀማሪ ተማሪዎቹን ያስተማረው በእሱ ነበር። ሁሉም ነገር በቅንፍ ውስጥ ይጻፋል፤ የሚሠራው ሥራ ይቀድማል፣ የሚሠራበት ነገር ይከተላል። (+ 10 6 26) ብላችሁ ብትጽፉ 42 ብሎ ይመልስላችኋል። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

ቋንቋው ብቻውን ግን አይሠራም። የተጻፈውን አንብቦ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። የልጅቷ ጋይል ይባላል፤ ማንም ሳይከፍል ይጠቀምበታል። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ሠሪዎቹ ሁለት ዓይነት ዝርዝር ያወጣሉ። አንደኛው ምን አዲስ ነገር እንደ ጨመሩ፣ ሁለተኛው የትኛውን ስህተታቸውን እንዳረሙ ይናገራል። ጥያቄዋም የመጣው ከዚያ ዝርዝር ነው።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቁጥር ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ለአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት የምትባል ትንሽ ሣጥን ትበቃዋለች፤ ለአንዱ የእኛ ፊደል ግን በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ሣጥን ያስፈልጋል። የድሮው ጋይል ፊደሉን ትቶ ሣጥኑን ይቆጥር ስለነበር፣ ባለ አራት ፊደሉ ጳጉሜን አሥራ ሁለት ይሆንበታል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ጋይል ግን ዩኒኮድን ተቀብሎ ፊደሉን እንደ ፊደል መቁጠር ጀመረ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ደግሞ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ወደ ማሽኑ ቋንቋ እየመለሰ ፍጥነት ጨመረ። ይህ ሁሉ በዝርዝሩ ላይ በግልጽ ሰፍሯል።

እኔን ያስደነቀኝ ፍጥነቱ አይደለም። ሰው ስህተቱን በገዛ እጁ ጽፎ ለዓለም ማሳየቱ ነው። ለምን እንደ ደነቀኝ ልንገራችሁ።

በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ገና በሥራ ላይ ነበርኩ። በምሠራበት ቦታ የክትባት ቀጠሮ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም መጥቶልን ነበር። የልጁን የልደት ቀን ትነግሩታላችሁ፤ እሱ የስድስት ሳምንቱን ቀን አስልቶ ወረቀት ያወጣል። ከእጅ ቆጠራ ገላገለን ብለን ደስ አለን።

አንድ ቀን አንዲት አራስ ከአማቷ ጋር መጣች። ሕፃኑ የተወለደው ሰኞ ነሐሴ 20 ነው። ቀጠሮው ጥቅምት 2 ተብሎ ወጣ፤ እኔም አንብቤ ሰጠኋቸው። አማቲቱ ግን አልተነሱም። ጣታቸውን እየቆጠሩ ቆዩና፣

«ሲስተር፣ የኛ ልጅ ሰኞ ነው የተወለደ። ስድስት ሳምንቱም ሰኞ ነው የሚሞላ። እንቁጣጣሽ ዘንድሮ ሐሙስ ነው የሚውል፤ ጥቅምት ሁለት እሑድ ነው። ይኸ እሑድ ከየት መጣ?» አሉኝ።

እኔም በጣቴ ቆጠርኩ። ከነሐሴ 20 እስከ ወሩ መጨረሻ 10 ቀን አለ። ዘመኑ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ነው። 42 ቀን እንዲሞላ ከመስከረም 26 ይጨመራል። ስለዚህ ትክክለኛው ቀን ሰኞ መስከረም 26 ነበር። ፕሮግራሙ ከነሐሴ 30 ዘሎ መስከረም 1 ገብቷል። የሠራው ሰው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነበር የሰጠው!

እንዲያ ከሆነ ከሐምሌ 19 ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ቀጠሮው ስድስት ቀን ዘግይቷል ማለት ነው። በጳጉሜን የተወለደውንማ ፕሮግራሙ ጭራሽ አልቀበልም ይል ነበርና ሠራተኞቹ «መስከረም 1» እያሉ ያስገቡት ነበር። የሰው ልጅ የልደት ቀን በማሽን ምክንያት ይቀየራል?

እዚህ ላይ ወላጆች እንዳትደነግጡ። ክትባት በጥቂት ቀን ቢዘገይ እንኳ ይሰጣል፤ ከንቱ አይሆንም። ቢሆንም በስድስት ሳምንት የሚጀመረው ፔንታቫለንት ትክትክንና መንጋጋ ቆልፍን ጨምሮ ከአምስት በሽታዎች የሚከላከል ነው። ትክትክ ደግሞ የሚበረታው በጨቅላው ላይ ነው። የዘገየው ቀን ልጁ ያለ መከላከያ የሚቆይበት ቀን ነው። በዚያ ላይ ገደሉን ወርዳና ወጥታ ከሩቅ የምትመጣ እናት እሑድ ደርሳ የተዘጋ በር ካገኘች፣ ተመልሳ ለመምጣቷ ማን ዋስ ይሆናል?

ለፕሮግራሙ ሠሪ ስልክ ደወልን። ከቀናት በኋላ ጳጉሜን በማሽኑ ላይ ታየች። ግን አንድ ቃል አልተነገረንም። «እስከ ዛሬ የወጡት ቀጠሮዎች ተሳስተዋል፤ መልሳችሁ እዩ» የሚል ወረቀትም ሆነ መልእክት አልመጣም። የወጡት ወረቀቶች በየእናቱ መቀነት ተቋጥረው ከነስህተታቸው ቀሩ። እኛ መዝገቡን አንድ በአንድ ገልብጠን፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ወደየቀበሌው ላክን። የደረሳቸው በቀናቸው መጡ፤ ያልደረሳቸው በተሳሳተው ቀን መጡ። ያቺ ብልህ አማት ባይኖሩ ደግሞ ማንም አያውቅም ነበር።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንላለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ደግሞ እንላለን። እኔ ከሁለቱ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ነርስ የተሳሳተ መድኃኒት ብትሰጥና ዝም ብላ በሚቀጥለው ሰዓት ትክክለኛውን ብትሰጥ፣ ስህተቱ ታረመ አይባልም። በመዝገብ ላይ መጻፍ አለባት፤ ተረኛዋ በሽተኛውን የምትከታተለው ያንን አይታ ነው። የፕሮግራም እርማትም እንደዚሁ ነው።

ይህን ታሪክ ለልጅቷ ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝና «ቆይ፣ እኔ እሠራዋለሁ» አለች። የእኛን የዘመን አቆጣጠር ኮምፒውተር አይችለውም ማለት እንዳልሆነም አሳየችኝ። ኢማክስ የሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም በሊስፕ ቤተሰብ ቋንቋ የተጻፈ ቀን መቁጠሪያ አለው፤ የኢትዮጵያን ቀን ሲያሳይ ጳጉሜን በ13ኛነት ተቀምጣለች። ኤድዋርድ ራይንጎልድ የሚባሉ ምሁር የጻፉት ነው። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ያልረሳትን ወር እኛው ዘንድ የሚሠራ ፕሮግራም መርሳቱ ያሳፍራል።

ልጅቷ ማታውኑ ጨረሰች። በነሐሴ 20 ቀን 2011 ፈተንኩት። መስከረም 27 አለ። «ማክሰኞ ነው፤ ተሳስቷል» አልኳት። ፊቷ ቅጭም አለ። ጳጉሜንን ሁልጊዜ አምስት ቀን አድርጋት ነበር። አራት ዓመት ጠብቃ ስድስት የምትሆነውን ስነግራት፣ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት የሚተርፍበትን ዓመት እንዲለይ አደረገችው። በድጋሚ ሞከርን፤ መስከረም 26 ሆነ። (+ 10 6 26) ማለት ይህ ነው።

ዛሬ ብዙ ልጆች ፕሮግራም መጻፍ ጀምረዋል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የሚከታተሉ በየቤታችሁ ይኖራሉ። ቋንቋውን ባናውቅ እንኳ እኛ ወላጆችና አያቶች የምናግዝበት መንገድ አለ። ልጁ ሥራውን ሲያሳያችሁ «ጎበዝ!» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ምን ስህተት አገኘህበት? እንዴት አረምከው? ለሚጠቀምበት ሰውስ ነገርከው? ከዚያ በራሳችሁ ዕውቀት ፈትኑት። የጳጉሜን ልደት ስጡት፤ ባለ ስድስት ቀኗን ጳጉሜን ስጡት። ቀጣይዋ በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ትመጣለች፤ እንቁጣጣሽም ያን ጊዜ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ይውላል።

የክትባት ቀጠሮ ስትቀበሉም፣ በእጅ ይጻፍ በማሽን ይውጣ፣ የአማቲቱን ዘዴ አትርሱ። ሰኞ የተወለደ ልጅ ስድስት ሳምንቱ ሰኞ ይሞላል። አሥር ሳምንቱም፣ አሥራ አራት ሳምንቱም እንዲሁ። ዕለቱ ሌላ ከሆነ፣ በበዓል ወይም በክትባቱ ፕሮግራም ምክንያት ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

ልጅቷ ከመተኛቷ በፊት ደብተር አወጣች። «የተስተካከሉ ስህተቶች» የሚል ርዕስ ጻፈችና ከሥሩ አንድ መስመር አሰፈረች፦ «ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን ትቆጠር ነበር። እማማ አገኙት። በዘመነ ሉቃስ 6 ሆናለች። ከዚህ በፊት የተሰላ ቀን ካለ እንደገና ይታይ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኳት። በ2011 ስንጠብቃት የቀረችው እሷ ነበረች።