ኮባና ፌስታል

አንድ የገበያ ቀን እኛ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች ገደብ ገበያ ወጣን። ጨው፣ ሽንኩርት፣ ሳሙናና ቆጮ ገዛን። ጨው በፌስታል፣ ሽንኩርት በፌስታል፣ ሳሙና በፌስታል ተሰጠን። ቆጮው ብቻ በኮባ ተጠቅልሎ ነበር። ቤት ደርሰን ዕቃውን ካወጣን በኋላ መጠቅለያውን ሁሉ ሰብስበን እንሰቱ ሥር ጣልነው። ያሳደሩን እናት አይተው፣ «ልጆቼ፣ ኮባውን ተዉት። ፌስታሉን ግን አንሡልኝ፣ እንሰቱ እሱን አይበላም» አሉን። አስተማሪ ተብለን መጥተን በዚያ ቀን ተማሪ ሆንን።

ነገሩ እውነት ነው። በጌዴኦ ምድር ቤት የሚሠራው በእንሰት መካከል ነው። ጥራጊው፣ አመዱ፣ ፍጉና ልጣጩ እንሰቱ ሥር ይጣላል። ይበሰብስና አፈር ይሆናል። እንሰቱም ቡናውም ከዚያ ይመገባሉ። እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች አብረው የሚያድጉበት ይህ አያያዝ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ዩኔስኮ የተባለው የዓለም ድርጅት በ2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እንግዲህ ጥራጊን እንሰት ሥር መጣል መጥፎ ልማድ አይደለም፤ በጣም ጥሩ ልማድ ነው። የተለወጠው ጥራጊው ነው።

ፌስታል የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ወይም ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። በአፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ብዙ ነፍሳት አሉ። እነሱ ኮባን በልተው አፈር ያደርጉታል። ፌስታልን ግን መብላት አይችሉም። ስለዚህ ፌስታል ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ፀሐይ ሲመታው ይበጣጠሳል እንጂ አይጠፋም፤ ብጥስጣሹ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። ሳይበጣጠስ የተቀበረው ደግሞ ውኃ እንዳይሰርግ፣ ሥርም እንዳይዘልቅ ይከለክላል።

ከሁሉ የሚከፋው በከብት ላይ የሚያደርሰው ነው። ጨው የነበረበት ፌስታል ጨው ጨው ይላል። ላሚቱ ትልሰዋለች፣ ቀጥላም ትውጠዋለች። እንደ ሣር አመንዥካ አታልፈውም። ሌላ ሲጨመርበት ጨጓራዋ ውስጥ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። ቦታ ስለሚይዝ የጠገበች ይመስላታል። ሣር መብላት ትቀንሳለች፣ ወተቷ ይጎድላል፣ ትከሳለች። መተላለፊያውን ከዘጋውማ ትሞታለች። ባለቤቱ ግን ሌላ በሽታ መስሎት መድኃኒት ሲገዛ ይከርማል። በነፃ ያገኘነው ፌስታል ላም ሊያስከፍለን ይችላል ማለት ነው።

በፌስታል እሳት የሚያያይዙም አሉ። እኛም እንጨቱ ዝናብ ሲመታው አድርገነዋል፣ አንዋሽም። ጭሱ መርዝ አለበት፤ ምድጃው አጠገብ ያለችው እናትና ያዘለችው ሕፃን ይስቡታል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 በጣም ስስ የሆነው ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ፌስታሉ ግን ከገበያ አልጠፋም። ጎረቤታችን ኬንያ በ2009 ዓ.ም. ከለከለች። በእኛም አገር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታል ማምረትን፣ መሸጥንና መጠቀምን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ቢሆንም ገበያ ላይ እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው ገዢው ነው።

ታዲያ በምን እንያዝ? ለሽንኩርትና ለሳሙና ዘንቢል ይበቃል። ቆጮና ቅቤ ድሮም ኮባ አላቸው። ለጨው ክዳን ያለው ጣሳ ወይም ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይሆናል። ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋው መያዣም ፕላስቲክ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ለረጅም ጊዜ ስለሚያገለግል ከብዙ ፌስታል ያድናል። ቤት ውስጥ ያለውን አሮጌ ፌስታል አጥቦ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል። እኛ ደብተራችንን ከገደብ ዝናብ የምናድነው በዚያው በአሮጌው ነው።

በሚቀጥለው ገበያ ዘንቢልና ጣሳ ይዘን ሄድን። ጨው ሻጩ በጣሳችን ሳቀብን። ከዚያ ግን ፌስታሉ ስለተረፈለት አንድ እፍኝ ጨው መረቀልን።