በሰው ጣሪያ ላይ ቡና

ደላላው ጀሪካኑን ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ። «ጋሼ፣ ውሃማ እዚህም አለ እኮ!» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን በአሳንሰር አምስተኛ ፎቅ አድርሼ ቴራሱ መሃል ላይ ግማሹን አፈሰስኩት። ውሃው ሴራሚኩ ላይ ትንሽ ተንሰራፋና መንገዱን ጀመረ፤ ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው ሳይሆን ወደ መኝታ ቤቱ በር። የደላላው ሳቅ ጠፋ። ቤቱን ልትገዛ የመጣችው የእህቴ ልጅ ደግሞ «ጋሽዬ፣ ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ወሩ ጥር ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ የረር ቁልጭ ብሎ ይታያል። በእንዲህ ያለ ቀን ቴራስ ላይ የቆመ ገዢ ልቡ ይሸፍታል፤ የሚያየው ተራራውን እንጂ ወለሉን አይደለም። ይህን የማውቀው ከአራት ዓመት በፊት እኔም በጥር ስለገዛሁ ነው። ያኔ ጀሪካን አልያዝኩም።

እኔና ባለቤቴ ዕድሜያችንን የኖርነው ግቢ ባለው ቤት ነው። ልጆቹ ሲወጡ አፓርታማ እንግዛ የሚል ሐሳብ ሳመጣ የባለቤቴ መልስ አጭር ነበር፤ «ቡናዬን ሰማይ እያየሁ የማልጠጣበት ቤት አልገባም።» ስለዚህ ፍለጋችን ቴራስ ያለው ቤት ሆነ። በመጨረሻ ያገኘነው በጂ+9 ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ነው፤ ውስጡ 112 ካሬ፣ ቴራሱ 84 ካሬ። ሕንፃው እስከ አምስተኛ ፎቅ ሰፋ ብሎ መጥቶ ከስድስተኛው ጀምሮ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። የቀረው ባዶ ቦታ ነው ለእኛ ቴራስ የሆነው። ሻጩ ያሳየን የስሪዲ ሥዕል ላይ አረንጓዴ ሣር፣ ነጭ ሶፋና አንድ ትልቅ ዛፍ ነበረበት። ዛፉ በኋላ ይመጣል።

አሁን እንደ ሞኝነት የምቆጥረው አንድ ነገር ቢኖር ይህን ቀላል እውነት በጊዜው አለማሰቤ ነው፦ ቴራሴ የአምስተኛ ፎቅ ሰዎች ጣሪያ ነው። በረንዳ ከሕንፃው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ ነው፤ ቢያፈስ የሚያፈሰው ወደ ውጭ ነው። ቴራስ ግን ሥሩ ሰው ይተኛል። እኔ ግቢ የገዛሁ መስሎኝ የሰው ጣሪያ ነበር የገዛሁት።

መጀመሪያ ያጋጨን ካሬው ነው። ሻጩ ቴራሱን እንደ ሳሎን ቆጥሮ «196 ካሬ» ብሎ መጣ። ግድግዳም መስኮትም የሌለውን ቦታ በሳሎን ዋጋ መክፈል የለብንም ብዬ ተከራከርኩ። ከሁለት ሳምንት ጭቅጭቅ በኋላ ቴራሱ በአንድ ሦስተኛ እንዲታሰብ ተስማማን፤ 84ቱ 28 ሆኖ ሒሳቡ በ140 ካሬ ተሠራ። በድርድሩ ኮራሁ። ግን ዋናውን ጥያቄ ሳልጠይቅ ነበር የኮራሁት። ካርታው ሲወጣ 112 ካሬ ይላል። ቴራሱ የለም!

«ቴራሱማ የእናንተ ነው፣ ሌላ ማን ይገባበታል?» አሉኝ። እውነት ነው፣ በሩ ያለው እኔ ቤት ነው። ነገር ግን በር መኖርና ባለቤት መሆን ለየቅል ናቸው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነትን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። በእሱ መሠረት ቤት የገዛ ሰው የራሱ ክፍል አለው፤ ከዚያ በተጨማሪ ከሌሎቹ ጋር የሚጋራው የጋራ መጠቀሚያ አለ። ቴራስ እዚህ መሃል ይወድቃል። ከክፍላችሁ ወሰን ውስጥ ከተካተተ የእናንተ ንብረት ነው። ካልተካተተ ደግሞ የጋራ ሆኖ የመጠቀም መብቱ ብቻ ለእናንተ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ሕንፃው ሲመዘገብ የቀረበው ጽሑፍና ፕላን እንጂ የደላላ ቃል አይደለም። የቃል ነገር ከተነሣ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ፣ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት ይላል። ውልና ማስረጃ ስትሄዱ ወረቀቱ ላይ «ቴራስ» የሚለው ቃል ከነካሬው ከሌለ አትፈርሙ። እኔ ፈርሜ ነበር።

ግንቦት ላይ ሌላ ጥፋት ጨመርኩ። የቀትሩን ፀሐይ ለመከለል ብዬ አራት የብረት ቋሚ ያለው የጥላ ዳስ አስበየድኩ። በያጁ ጎበዝ ልጅ ነው፤ እያንዳንዱን ቋሚ በአራት ፊሸር ወለሉ ላይ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። አራት በአራት፣ 16 ቀዳዳ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ከሥራችን የሚኖሩት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ላስቸግርህ አልፈለግሁም ነበር» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ፎቶው ላይ ኮርኒሳቸው ቡናማ ሆኖ፣ ዳር ዳሩ እየደመቀ፣ ልክ እንደ ካርታ ተስሎበታል። ለእኔ ቴራስ ያልወጣው ካርታ ለእሳቸው ኮርኒስ ወጣ። በዚያ ሰዓት ግን አላሳቀኝም፤ አልጋቸው ላይ ሳፋ ደቅነው ነበር የሚያድሩት።

ያን ሰሞን ነው ቴራስ እንዴት እንደሚሠራ የተማርኩት። ሴራሚክ ውሃ የሚያስቀር ይመስለኝ ነበር፤ አያስቀርም። ውሃው በሴራሚኩ መጋጠሚያዎች ይገባል። ዋናው ሥራ የሚሠራው ከሥሩ የተነጠፈው ሜምብሬን ነው፤ ሬንጅ ያለው፣ በእሳት እየተሞቀ የሚለጠፍ ወፍራም ምንጣፍ ማለት ነው። እሱ ወለሉን ሸፍኖ ብቻ አይቆምም፤ በየግድግዳው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሽቅብ መውጣት አለበት፣ ልክ እንደ ትሪ ከንፈር። የእኔን 16 ቀዳዳ በዚህ ላይ አስቡት። የጠራሁት መሐንዲስ ዘጠኝ ካሬ ያህል ሴራሚክ አስነሥቶ ሲያይ ደግሞ የሻጩም እጅ ተገኘ፤ በበሩ ደፍ ላይ ሜምብሬኑ ሽቅብ አልወጣም፣ ከወለሉ ጋር እኩል ተቆርጧል። በሩ እንዳይደነቅፍ ብለው ደፉን ዝቅ አድርገውት ነው። ለዓይን ያምራል፤ ለውሃ ግን ተከፍቶ የተተወ በር ነው።

ምን ያህል ውሃ? አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። በ84 ካሬ አባዙት፤ ከ100,000 ሊትር ይበልጣል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ቢሆን መቶ ሮቶ። ይህ ሁሉ በእኔ ቴራስ ላይ የሚወጣው በሁለት የፍሳሽ ቀዳዳ ነው፤ አንዱን ደግሞ የእኛው የአበባ ቅጠል ደፍኖት ነበር። ወለሉ በአንድ ሜትር ርዝመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀዳዳው ማዘንበል አለበት አለኝ መሐንዲሱ። ጀሪካኑ የመጣው ከዚህ ነው። ጀሪካን የከበደው ሰው ብይ ይያዝ፤ ሴራሚኩ ላይ ለቀቅ ሲያደርጋት ወዴት እንደምትንከባለል ይይ።

የ16ቱን ቀዳዳ ወጪ እኔ ቻልኩ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። የደፉ ግን ሦስት ወር አጨቃጨቀን። የነዋሪዎች ማኅበሩ «ቴራሱ የአንተ ነው፣ አንተ ክፈል» አለኝ። እኔ ደግሞ «ካርታዬ ላይ የለም፣ ጣሪያ ደግሞ የጋራ ነው» አልኩ። ሁለታችንም በምንፈልገው ሰዓት ብቻ ሕግ አዋቂ ሆንን። ሲደክመን ግማሽ በግማሽ ከፍለን፣ ማን ምን እንደሚጠግን በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አስጻፍን። ከጥገናው በኋላ የፍሳሽ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ውሃ ለ48 ሰዓት ቴራሱ ላይ ተኛ። ሁለቱንም ቀን የታችኛዋ እናት ቤት ገብቼ ኮርኒስ ሳይ ዋልኩ፤ ቡና እያፈሉልኝ።

ዛፉስ? አቮካዶ ልተክል ነበር። ጥግ ላይ በብሎኬት መደብ ሠርቼ 40 ሳንቲ ሜትር አፈር ልሞላበት ሳስብ መሐንዲሱ ወረቀት አወጣ። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲሠላ ለሰውና ለዕቃ ብዙውን ጊዜ በካሬ 200 ኪሎ ገደማ ይታሰባል። 40 ሳንቲ ሜትር እርጥብ አፈር ግን በካሬ 700 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሐሳቤን ተውኩ። አሁን ጤና አዳሙ፣ በሶብላውና የጥብስ ቅጠሉ በቀላል ማሰሮ ተተክለው ከሥራቸው ቢም ባለበት ዳር ዳሩን ተደርድረዋል። የጥላው ቋሚም ወለሉ ሳይበሳ ከባድ ኮንክሪት ላይ ቆሟል።

«የግል ቴራስ» የሚለውንም ቃል በጥርጣሬ ያዙት። ባለቤቴ በርበሬ ስታሰጣ የላይኛው ፎቅ ሰዎች በማስነጠስ ይሰድቡናል። ባለፈው ዓመት ሰባተኛ ፎቅ ሐዘን ሲደርስ ማኅበሩ ለድንኳን ቦታ አጥቶ ወደ እኛ መጣ። ለቅሶ እምቢ ይባላል? ሦስት ቀን ሙሉ ሳሎናችን መተላለፊያ ሆነ። ድንኳኑን ለማቆም ወለሉን ሊበሱ ሲሉ ግን አንገቴን ለካራ ሰጠሁ፤ በገመድና በአሸዋ ከረጢት ቆመ። በጎኑ የነበረው ባዶ ቦታም ላይ ዘንድሮ ጂ+7 ወጥቶ የረርን ጋርዶታል። የማየት መብት በካሬ አይሸጥም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ደግመህ ትገዛለህ ብትሉኝ እገዛለሁ። መስከረም ላይ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከእጣኑ ጭስ ጋር ሰማይ ሲታይ ዋጋው ይገባኛል።

የእህቴ ልጅም ቤቱን አልተወችውም። ሻጩ ሴራሚኩን አንሥቶ ተዳፋቱን በራሱ ወጪ እንደገና ሠራ። ቴራሱ ከነ61 ካሬው ውሉ ላይ ገብቷል። የመጨረሻው ክፍያ ቀን ሐምሌ 30 ተብሎ ተጽፏል።