ከተዋናዩ ጀርባ የሚያልፉት ሰዎች

ሆሊውድ ውስጥ ፊልም ሲቀረጽ ሁላችንም ከምናውቃት «አክሽን!» በፊት ሌላ ትእዛዝ ትሰማለች። ረዳት ዳይሬክተሩ «ባክግራውንድ!» ብሎ ይጮኻል። ይሄኔ አስተናጋጇ ትሪዋን አንስታ መራመድ ትጀምራለች፣ ሽማግሌው ጋዜጣውን ይገልጣል፣ ሁለት ሴቶች መንገድ ያቋርጣሉ። ዋናው ተዋናይ አፉን የሚከፍተው ይህ ሁሉ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ተመልካቹ የሚገባው ቀድሞ ሲኖር ወደነበረ ዓለም መምሰል አለበት። ያንን ዓለም የሚያቆሙት ኤክስትራዎች ናቸው።

የኤክስትራ ቀን ብዙ ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል። ሲደርስ ይመዘገባል፣ ቫውቸር የሚባለውን የቀን ክፍያ ወረቀት ይቀበላል፣ ከቤቱ ያመጣቸውን ሁለት ሦስት ቅያሪ ልብሶች ለአልባሳት ክፍሉ ያሳያል። ነጭ ልብስ አይወደድም፤ ብርሃን እየመለሰ ዓይን ይስባል። የኩባንያ ስም የተጻፈበት ቲሸርትም አይፈለግም፤ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ «ሆልዲንግ» ወደሚሉት ማቆያ፣ ወደ ድንኳን ወይም ወደ አንድ አዳራሽ ይገባና ይጠብቃል። በዚህ ሥራ ከመታየት ይልቅ መጠበቅ ይበዛል።

ከማቆያው ሲወጣ የሚታዘዘው ቀላል ይመስላል፦ ተቀመጥ፣ ቁም፣ እለፍ። ችግሩ ድምፅ ነው። ማይክሮፎኑ የሚፈልገው የዋና ተዋንያኑን ንግግር ብቻ ስለሆነ ከጀርባ ያለው ሰው ሁሉ ድምፁን አጥፍቶ መጫወት አለበት። ምግብ ቤቱ ሞልቶ ሰው ሲያወራ፣ ሲስቅ፣ ሲበላ እናያለን። በቀረጻው ሰዓት ግን ከንፈር ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃል አይወጣም፤ ሳቁም በትከሻ ብቻ ይሳቃል። ሹካው ሳህኑን እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ። ብርጭቆ ውስጥ የሚታየው በረዶ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ አይቀልጥም፣ ቅጭልጭልም አይልም። የሚራመዱት ጫማቸው ሥር ለስላሳ ነገር ይለጠፍላቸዋል። እኛ የምንሰማው የሰው ጫጫታ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ለብቻው ተቀርጾ የሚጨመር ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የጭፈራ ቤት ትዕይንት ነው። ሙዚቃው ለጥቂት ሰከንዶች ይለቀቅና ኤክስትራዎቹ ምቱን ይይዛሉ። ከዚያ ይቋረጣል፤ ጭፈራው ግን ይቀጥላል። አንዳንዴ ምቱ እንዳይጠፋባቸው ወፍራም «ድም፣ ድም» ብቻ ዝቅ ብሎ ይለቀቅላቸዋል፤ የድምፅ ባለሙያው ያንን ድምፅ በኋላ ከንግግሩ ለይቶ ያወጣዋል። እንግዲህ አዳራሽ ሙሉ ሰው ላብ እስኪያጠምቀው በዝምታ ይጨፍራል፤ የሚሰማው የልብስ መተሻሸትና ትንፋሽ ነው። መሃል ላይ ያሉት ሁለቱ ተዋንያን ደግሞ የሌለውን ሙዚቃ ለመብለጥ እየጮኹ ያወራሉ። በዚያ ሰዓት ከውጭ የገባ ሰው እብዶች ቤት የገባ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ሌላው ጭንቅ መደጋገም ነው። ያው ትዕይንት ከፊት፣ ከጎን፣ ከሩቅ እየተባለ ተደጋግሞ ይቀረጻል። ኤክስትራው መጀመሪያ ላይ ተዋናይዋ «አልመጣም» ስትል ቦርሳውን በግራ እጁ ይዞ በበሩ ካለፈ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላም እዚያው ቃል ላይ፣ በዚያው እጁ ይዞ፣ በዚያው ፍጥነት ማለፍ አለበት። ያለዚያ ፊልሙ ሲገጣጠም ቦርሳው ከግራ ወደ ቀኝ ይዘላል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ካሜራውን ለአፍታም ቢሆን አያይም።

በእኛ ተከታታይ ድራማዎች ካፌው ጭር ብሎ ሁለት ፍቅረኛሞች ብቻ ማኪያቶ ሲጠጡ፣ ወይም ከጀርባ የተቀመጠው ሰው ካሜራውን ሰረቅ አድርጎ ሲያይ ቅር የሚለን ለዚህ ነው። ሲጠየቁ በጀት ነው ይላሉ፤ ሐሰት አይደለም። እኔ ግን ሥራውን «ማንም ቆሞ ይሞላዋል» ብሎ መናቅም ያለበት ይመስለኛል።

ማንም እንደማይሞላው ቤስ ፍላወርስ ታስረዳለች። በ1898 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ ነው) ቴክሳስ ውስጥ ተወለደች፤ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1964 ድረስ ሆሊውድ ውስጥ ሠራች። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ አለባበስ የምታውቅ ሴት ነበረች። «ድሬስ ኤክስትራ» ከሚባሉት ወገን ናት፤ እነዚህ የራሳቸውን ያማረ ልብስ ይዘው የሚመጡና ከተራው ኤክስትራ የተሻለ የሚከፈላቸው ናቸው። ግብዣ ካለ እንግዳ፣ ችሎት ካለ ታዳሚ፣ ቲያትር ካለ ተመልካች ሆና ትቀመጣለች። ከ350 በላይ ሙሉ ፊልሞች ላይ ታይታለች፤ አምስቱ የምርጥ ፊልም ኦስካር ያገኙ ናቸው፣ «ኢት ሃፐንድ ዋን ናይት» እና «ኦል አባውት ኢቭ» ከነዚያ ውስጥ ይገኛሉ። «የሆሊውድ ኤክስትራዎች ንግሥት» ይሏት ነበር። ስሟን የሚያውቅ ተመልካች ግን ጥቂት ነው፤ ሥራዋን በደንብ ሠርታለች ማለት ነው። በ1940ዎቹ የኤክስትራዎች የሠራተኛ ማኅበር ሲመሠረትም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች።

ማኅበሩ በከንቱ አልመጣም። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ሥራ ፈላጊው በየስቱዲዮው በር ይኮለኮል ነበር፤ ደላሎችም ከዚያች የቀን ክፍያ ላይ ይቆርጡ ነበር። ነገሩ መነጋገሪያ ሲሆን ስቱዲዮዎቹ በ1925 ሴንትራል ካስቲንግን አቋቋሙ። ሰው ከበር ላይ ተነስቶ ወደ መዝገብና ወደ ስልክ ገባ። ድርጅቱ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። የእነ ቤስ ማኅበር ግን አልዘለቀም፤ በ1992 የኤክስትራዎቹን ጉዳይ የተዋንያኑ ማኅበር ተረከበው።

ዳይሬክተሮች ለብዙ ዘመን የሚመኩት በሰው ብዛት ነበር። ሰርጌይ ቦንዳርቹክ በ1970 ለወጣው «ዋተርሉ» በሺዎች የሚቆጠሩ የሶቪየት ወታደሮችን የናፖሊዮን ዘመን ልብስ አልብሶ አሰለፈ። ክብረ ወሰኑ ግን የሪቻርድ አተንቦሮ «ጋንዲ» ነው። የጋንዲ የአስከሬን ሽኝት በጥር 1981 ዴልሂ ላይ ሲቀረጽ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ተገኝቷል፤ አብዛኛው ያለ ክፍያ በፈቃዱ የወጣ ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ ፊልሙ ላይ የሚታየው ለሁለት ደቂቃ ያህል ነው።

ዛሬ ለእንዲህ ያለ ትዕይንት ያን ያህል ሰው የሚጠራ የለም። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ሲሠራ «ማሲቭ» የተባለ ሶፍትዌር አንዱ ከአንዱ ተለይቶ የሚንቀሳቀስ የዲጂታል ሠራዊት ፈጠረ። ቀጥሎ የመጣው የሰውን አካል በካሜራ ዙሪያውን አንስቶ ቅጂውን ማስቀመጥ ነው። በ2023 የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ለ118 ቀናት ሥራ ሲያቆም ከክርክሮቹ አንዱ ይኸው ነበር። ማኅበሩ፣ ስቱዲዮዎቹ ኤክስትራን የአንድ ቀን ከፍለው ምስሉን ለዘለዓለም ሊይዙ ይፈልጋሉ ሲል ከሰሰ፤ ስቱዲዮዎቹ እንዲህ አላልንም አሉ። በመጨረሻ ቅጂው ያለ ሰውየው ፈቃድ እንዳይሠራ፣ በሕያው ኤክስትራ ቦታም ቁጥር ማሟያ እንዳይሆን ተስማሙ። የቀን ክፍያውም ከ187 ወደ 208 ዶላር ከፍ አለ።

ይህ የማኅበር አባል ለሆነው ስምንት ሰዓት የሚሠራበት የዚያን ጊዜ መነሻ ነበር። ጭስ ወይም ውሃ ውስጥ ለሚሠራ፣ የራሱን መኪና ወይም ውሻ ይዞ ለሚመጣ ይጨመርለታል። ቀረጻው ከ16 ሰዓት ካለፈ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት እንደ አንድ ሙሉ ቀን ይታሰባል፤ «ጎልደን ታይም» ይሉታል፣ ፕሮዲውሰሮችም ይፈሩታል። አባል ያልሆነው የሚያገኘው ከአባሉ በብዙ ያነሰ ነው። አንዱ የመግቢያ መንገድ ሦስት ቀን በማኅበሩ ውል መሥራት ነው፤ አዲስ ገቢዎች እነዚያን ሦስት ቫውቸሮች የሚያሳድዱት ለዚህ ነው።

ሎስ አንጀለስ፣ ኒውዮርክና አትላንታ ፊልም በብዛት የሚቀረጽባቸው፣ ወገኖቻችንም በብዛት የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። እዚያ ሆነው ሊሞክሩት የሚያስቡ ካሉ፣ ለመሥራት እንደተፈቀደልዎ የሚያሳየውን ሰነድ ኦሪጅናሉን ይያዙ፤ ኮፒ አይቀበሉም። ሥራ ከመገኘቱ በፊት «የመመዝገቢያ» ወይም «የፎቶ» ተብሎ ገንዘብ ከተጠየቁ ግን ጥለው ይውጡ። ወኪል ነኝ የሚል ሰው ቅድሚያ ክፍያ እንዳይቀበል በካሊፎርኒያ ከ2010 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል።