በር ላይ የተቀመጠችው አማት

አንዲት የሶሻል ወርክ ማስተርስ ተማሪ ለመስክ ልምምድ ጭሮ ተመደበች እንበል። ጭሮ ማለት የድሮ ሰው አሁንም አሰበ ተፈሪ የሚላት፣ ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ርቃ ጨርጨር ደጋ ላይ ያለችው የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ ናት። ተማሪዋ በገባች በሳምንቷ ከሶማሌ ክልል ተፈናቅላ የመጣች እናት ቤት ትሄዳለች። ሰላምታው ረዘም ይላል፣ ሻይ ይቀርባል። «የቸገረሽ ነገር አለ?» ስትላት እናትየዋ በኦሮምኛ «ረኮ ሂንቀቡ» ትላለች፤ ችግር የለብኝም ማለቷ ነው። ተማሪዋም «ችግር የለም» ብላ ጽፋ ትወጣለች።

ማታ ሌላ ጽሑፍ ይጠብቃታል፤ ፕሮሰስ ሪከርዲንግ ይሉታል። ገጹ በሦስት ዓምድ ይከፈላል። በመጀመሪያው የተባባሉትን ሁሉ ቃል በቃል ታሰፍራለች፣ በሁለተኛው እሷ በዚያች ቅጽበት የተሰማትን። ሦስተኛው ለሱፐርቫይዘሩ ባዶ ይተዋል። ሱፐርቫይዘሩ ከ«ረኮ ሂንቀቡ» ትይዩ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጽፋል፦ «ይህን ስትልሽ አጠገባችሁ ማን ነበር?» ተማሪዋ ያኔ ትዝ ይላታል። አማትየዋ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

የመስክ ልምምድ ይኸው ነው። «አፓረንት» ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ ከርሞ ማኅተም አስመትቶ የሚመለስ ተማሪ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ለሐኪም ተማሪ ዋርድ እንደሆነው ነው፤ ያለሱ ምሩቅ የለም። አሜሪካ ውስጥ ለማስተርስ ቢያንስ 900 ሰዓት ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የሙያው ዓለም አቀፍ መስፈርት ደግሞ ከጠቅላላው ትምህርት ሩቡ ልምምድ እንዲሆን ይላል። ሙያው ራሱ የተወለደው መስክ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ኒው ዮርክ ውስጥ የመጀመሪያው የስድስት ሳምንት የክረምት ሥልጠና ከመከፈቱ በፊት ጀማሪው ነባሩን ተከትሎ ቤት ለቤት እየዞረ ነበር የሚማረው።

እኛ ጋ የተበጠሰው ይህ መከታተል ነው። አዲስ አበባ ላይ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ፣ በኋላ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጠቃሎ፣ በደርግ ጊዜ ተዘጋ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ በቺካጎ ከሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ በጄን አዳምስ ስም ከተጠራው ኮሌጅ ጋር በመተባበር። መጽሐፍም መምህርም ከውጭ ሊመጣ ይችላል። በሱፐርቪዥን ያለፈና ሌላውን ሱፐርቫይዝ የሚያደርግ ሰው ግን በሻንጣ አይመጣም። የዩኒቨርሲቲው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በኋላ ፒያሳ አጠገብ ካለው ከገዳም ሰፈር ነዋሪዎች ጋር ሲሠራ የጎደላቸውን ከመቁጠር በፊት በእጃቸው ያለውን መጠየቁ፣ በእኔ አስተያየት፣ ለዚህም ጉዳይ መንገድ ያሳየ ነው።

ጭሮ ላይ በእጅ ያለው ምንድን ነው? ሆስፒታል አለ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አለ፣ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዘለቀው ሴፍቲኔት አለ፣ እንደ እድር የሚቀብርና የሚያስተዛዝን አፎሻ አለ። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛው ልጅ ትምህርት አቋርጦ ጫት ተራ እንደዋለ የሚያውቁ ሠራተኞችም አሉ። የሌላቸው የሶሻል ወርክ ዲግሪ ነው። ስለዚህ ሌላውም ዓለም እንደሚያደርገው ሱፐርቪዥኑን ለሁለት መክፈል ነው፦ የዕለቱን ሥራ የቢሮው ባለሙያ ይመራል፣ ባለዲግሪው በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ጽሑፉን ያነባል። የቢሮው ሰው ወንዶችን በበርጫ (በጫት መቃሚያ) ሰዓት ለስብሰባ መጥራት ከንቱ ድካም መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ይነግራታል፤ ይህ የትኛውም ሲላበስ ላይ የለም። ባለዲግሪው በስልክ ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ስልክ በር ላይ የተቀመጠችውን አማት አያይም።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። እናትየዋ በኦሮምኛ ትናገራለች፣ ተማሪዋና ሱፐርቫይዘሩ በአማርኛ ይወያያሉ፣ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይገባል። «ረኮ ሂንቀቡ» እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ ንጹሕ መረጃ ይመስላል። እናትየዋ ስትለው ግን ይሉኝታም፣ ፍርሃትም፣ ለእንግዳ የሚሰጥ ክብርም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የመጀመሪያው ዓምድ በተነገረበት ቋንቋ ቢጻፍ ይሻላል፤ እንግሊዝኛው ይቆይ።

ምስጢር መጠበቅስ? ስም በፊደል ይተካ ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ይሠራል። እንደ ሂርና ወይም በዴሳ ባለ ከተማ ግን «ሦስት ልጆች ያሏት፣ ከጅግጅጋ የመጣች ልብስ ሰፊ» ብሎ መጻፍ ስሟን ከመጻፍ አይለይም። ተማሪዋ የትኛው ቤት እንደገባች ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል።

በሁለተኛው ጉብኝት ቤት አትገባም። የቢሮው ባለሙያ እናትየዋ ማክሰኞ ውሃ እንደምትቀዳ ያውቃልና ቦኖው ጋ አብራት ወረፋ ትይዛለች፤ ደብተር የለም። የምትሄድበትን ቀንም ከወዲሁ ትነግራታለች፣ መለያየትን መማርም የልምምዱ አካል ነውና። ሰኔ ላይ ተማሪዋ አውቶቡስ ስትሳፈር ፋይሉን የሚረከበው ያው የቢሮው ባለሙያ ነው። ሦስተኛውን ዓምድ እሱም ሲያነብ ከርሟል።