የነርቭ ጎዳናዎችን የሚያሳይ ምስልና የአንጎል ቀዶ ሕክምና ዕቅድ፦ ከጅማ አንጻር

ቡና ለቀማ የጣት ሥራ ነው። በጎማ፣ በሊሙ ወይም በአጋሮ ዙሪያ የቀላውን እሸት ካልበሰለው እየለየ የሚለቅም ሰው በግራው የአንጎል ክፍል፣ እንቅስቃሴን በሚያዝዘው ስፍራ አጠገብ ዕጢ ቢያድግበት፣ ለቀዶ ሐኪሙ ጥያቄው ዕጢው ይወጣል ወይ የሚል ብቻ አይደለም፤ ቀኝ እጁ ይተርፋል ወይ የሚልም ጭምር ነው። የተለመደው የኤምአርአይ ምስል የዕጢውን ቦታና ስፋት ያሳያል። ወደ እጅ የሚወርደው የነርቭ ጎዳና ግን በነጩ የአንጎል ክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተመሳስሎ ስለሚታይ፣ ዕጢው ወዴት እንደገፋው አይታወቅም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያገለግለው፣ ፒተር ባሰርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት የዲፊዩዥን ቴንሰር ዘዴ ነው። ውኃ በነርቭ ክሮች ርዝመት በቀላሉ ይንቀሳቀሳል፤ ክሮቹን አቋርጦ ለማለፍ ግን ይቸገራል። መሣሪያው ይህን እንቅስቃሴ ቢያንስ በ6፣ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ወይም ከዚያ በላይ አቅጣጫዎች ይለካል፤ ሶፍትዌሩም ከነጥብ ወደ ነጥብ ዋናውን አቅጣጫ እየተከተለ መስመር ይሥላል። ይህ አሣሣል ትራክቶግራፊ ይባላል።

ጥቅሙን በተመለከተ ጠንካራው ማስረጃ ከሻንጋይ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመና 238 ሕሙማንን በዕጣ በመደበ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የእንቅስቃሴ መዳከም የታየው ምስሉ ጥቅም ላይ ከዋለላቸው በ15.3 በመቶው ሲሆን፣ ካልዋለላቸው ግን በ32.8 በመቶው ነው።

ይሁን እንጂ ዘዴው የሚደክመው እጅግ በሚፈለግበት ቦታ ነው። ቴንሰሩ ለአንድ የምስል ነጥብ አንድ ዋና አቅጣጫ ብቻ ይሰጣል። ወደ እግር የሚሄዱት ክሮች ከአናት ቀጥ ብለው ስለሚወርዱ በቀላሉ ይሣላሉ፤ የእጅና የፊት ክሮች ግን ከፊት ወደ ኋላ ከሚዘረጋ ሌላ ጎዳና ጋር ስለሚጠላለፉ ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ይጠፋሉ። ለቡና ለቃሚው የሚያስፈልገው ደግሞ ያው የጠፋው መስመር ነው። በአገራችን ሕሙማን ብዙ ጊዜ ዘግይተው፣ ዕጢው ከገዘፈ በኋላ ስለሚመጡ በዙሪያው የሚጠራቀመው የእብጠት ውኃ ችግሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ መስመር አለመታየቱ ነርቭ አለመኖሩን አያረጋግጥም። የተገላቢጦሹም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ዓለም አቀፍ ንጽጽር፣ አብዛኞቹ ስልቶች በእውን የሌሉ ጎዳናዎችንም እንደሚሥሉ አሳይቷል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከመዲናዋ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ጅማ ይህን ዘዴ ለመጠቀም ትልቁ እንቅፋት ሶፍትዌር አይመስልም፤ ስሪዲ ስላይሰርና ኤምአርትሪክስ ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ ምስሉንም ባለ 1.5 ቴስላ መሣሪያ ሊያነሣው ይችላል። የሚከብደው ሥዕሉን የሚያነብ የሠለጠነ ሰው ማግኘትና ሥዕሉን በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ከሕመምተኛው ጭንቅላት ጋር የሚያዛምደው ውድ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ቢኖር እንኳ የራስ ቅል ተከፍቶ ፈሳሽ ሲወጣ አንጎል ከቦታው ስለሚንሸራተት፣ አንዳንዴም ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ፣ የጠዋቱ ካርታ ከቀትር በኋላ ላይሠራ ይችላል። በዚህ ጊዜ አልትራሳውንድ መንሸራተቱን ያሳያል፤ በኤሌክትሪክ መቀስቀስ ደግሞ ጎዳናው ምን ያህል እንደቀረበ ይነግራል። እንደ ግምታዊ መለኪያ፣ እጅን ለማንቀሳቀስ የሚበቃው እያንዳንዱ ሚሊ አምፒር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ርቀትን ያመለክታል።